ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምጠይቀው ጥያቄ

ናይት ሺፍት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሆስፒታል ጸጥ ይላል። መድኃኒቱ ተሰጥቷል፣ በሽተኛው ተኝቷል፣ የጥሪ ደወሉም ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሏል። ሪዚደንቶቹ፣ ህክምና ተመርቀው ሆስፒታል ውስጥ የሚሰለጥኑት ወጣት ሐኪሞች፣ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተው፣ ዓይናቸውን እያሹ ኖት ይጽፋሉ። ልጄ አስራ ሁለተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት እኔ የምጠብቀው ያቺን ሰዓት ነበር። ቡናዬን ይዤ ጠጋ እልና "ዶክተር፣ አንደርግራድ የት ነው የተማርከው?" እላለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪውን ማለቴ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኩትን ልጅ የኮሌጁን ስም ሁለቴ አስደገምኩት። ኬንታኪ ውስጥ ነው አለኝ። በሳምንቱ ሌላዋን ጠየቅኩ። የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ያውም ከእናት አባቷ ቤት እየተመላለሰች። ሦስተኛው ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ የሁለት ዓመቱ የሰፈር ኮሌጅ፣ ጀምሮ የተዛወረ ነው። አራተኛዋ ከእነዚያ ሹራባቸው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ከሚለበስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱን ጠራች። አራቱም እዚያው ወንበር ላይ፣ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ልብስ ለብሰው፣ እኩል እንቅልፍ አጥተው ተቀምጠዋል። ማንኛቸው ይሻላል ብትሉኝ ያለኝ የነርስ መልስ ነው፦ ሌሊት ስጠራው ቶሎ የሚመጣው።

ጥያቄውን ስጀምረው ግን የፈለግኩት ሌላ መልስ ነበር። ሁሉም የትልልቆቹን ስም እንዲጠሩልኝ፣ እኔም ጠዋት ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን "አላልኩህም?" እንድለው።

ለምን እንደዚያ እንደፈለግኩ ልንገራችሁ። እኔ ያደግኩት ሐኪም መሆን አለመሆን በአንድ ፈተና በሚወሰንበት አገር ነው። ማትሪክ ትፈተናለህ፣ ውጤት ትጠብቃለህ። ያኔ ህክምና ሲባል ጥቁር አንበሳ፣ ጎንደር፣ ጅማ ነው። ከገባህ ሰፈርተኛው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ "ዶክተር" ይልሃል። ካልገባህ አልገባህም፣ በቃ። የኔ ውጤት ለሌላ ነገር ነበር የበቃው። እናቴ ስትሰማ "ይሁን፣ ዋናው ጤና ነው" ያለችበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ዲቪ ደርሶኝ ሜሪላንድ መጣሁ። ነርሲንግ ኤይድ ሆኜ ሽማግሌ አጠብኩ፣ አሮጊት አበላሁ። ልጅ ከወለድኩ በኋላ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ገብቼ ነርሲንግ ጨረስኩ። እና ልጄ በዘጠኝ ዓመቷ "ዶክተር ነው የምሆነው" ስትል እኔ የሰማሁት እሷ ካለችው በላይ ነበር።

ያሳሳተኝም ይሄው ነው። በኔ ጭንቅላት ኮሌጅ መግባት ማለት ህክምና መግባት ነው። እዚህ አገር ግን የአስራ ስምንት ዓመት ልጅ ህክምና አይገባም። መጀመሪያ አራት ዓመት ባችለር ይማራል። ከዚያ እንደ አዲስ ያመለክታል። ከገባ አራት ዓመት ህክምና፣ ከዚያ እንደ ሙያው ዘርፍ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ሪዚደንሲ። "ፕሪ-ሜድ" የሚሉትም የትምህርት ክፍል አይደለም፣ የኮርስ ዝርዝር ነው። አንድ ዓመት ባዮሎጂ፣ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ፣ አንድ ዓመት ፊዚክስ ከነላቦራቶሪያቸው፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ሒሳብ ወይም ስታቲስቲክስ፣ እንግሊዝኛ። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ትንሽ ይለያያል እንጂ መሠረቱ ይሄ ነው። እነዚህን ከጨረስክ ታሪክም አጥና ሙዚቃ፣ ማንም አይከለክልህም። ደግሞ እነዚህን ኮርሶች የማያስተምር የረባ ኮሌጅ የለም። ይሄ የመጨረሻው ነገር ሲገባኝ ትንሽ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ሌሊት የፈራሁት በር ሁሉም ግቢ ውስጥ ክፍት ነበር።

ገና ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ለባችለሩም ለህክምናውም በአንድ ላይ የሚቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ፣ ልክ ነው። ብራውን ዩኒቨርሲቲ የስምንት ዓመት አለው። የኒው ዮርክ ከተማው ኩኒ የሰባት ዓመት አለው። ቦታቸው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ልጄ ለአንዱ አመለከተች፣ አልተቀበሏትም፣ አንድ ቀን አልቅሳ በነጋታው ተወችው። እኔን አንድ ወር ፈጀብኝ።

ወንድሜ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውሎ "ይሄ ሁሉ ድካም ምንድነው፣ ወዲህ ላኪያትና በስድስት ሰባት ዓመት ጨርሳ ትመለስ" አለ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ከውጭ ተመርቆ የመጣ ሐኪም የዚህን አገር ፈተናዎች አልፎ ሪዚደንሲ ለማግኘት ስንት ዓመት እንደሚንገላታ በዓይኔ አይቻለሁ። አገር ቤት ስፔሻሊስት የነበረ ሰው አብሮኝ ነርሲንግ ኤይድ ሆኖ ሠርቷል። እሷ እዚህ ተወልዳ እዚህ አድጋ ያን መንገድ በፈቃዷ የምትይዝበት ምክንያት አልታየኝም።

ያን ሰሞን በየግብዣው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። "ልጅሽ የት ገባች?" ምን ትማራለች የሚል የለም። በስንት ብር የሚልማ ነውር ነው። ስም ብቻ። ስሙ ከታወቀ "እሰይ! እልል!" ይባላል። ካልታወቀ "አሃ" ተብሎ ወሬው ወደ ክትፎው ይዞራል። እኔም ከጠያቂዎቹ አንዷ ነበርኩ፣ ልዋሽ አልችልም። የሰው ልጅ ኮሌጅ ስም ስሰማ ፊቴ ምን እንደሚል ባለቤቴ ያውቀዋል።

ሪዚደንቶቹን ስጠይቅ ቀስ በቀስ ሁለተኛ ጥያቄ ጨመርኩ። "አሁን ብትመለስ የት ትማር ነበር?" ኮሚኒቲ ኮሌጅ የጀመረው ልጅ የመለሰልኝን አልረሳውም። "የትም ይሁን፣ ጂፒኤዬን የማይገድለው ቦታ" አለኝ።

ጂፒኤ የኮሌጅ ውጤት አማካይ ነው፣ ከ4 የሚሰላ። ይሄን አብራርልኝ አልኩት። ወረቀት አወጣ። የሆስፒታል የእጅ ፎጣ ነው እንጂ ወረቀትም አይደል። የአብዛኞቹ የህክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ በአንድ ማዕከል በኩል ነው የሚያልፈው። ማዕከሉ ተማሪው በየትኛውም ኮሌጅ የወሰደውን ኮርስ ሁሉ ሰብስቦ ጂፒኤውን ራሱ ያሰላል። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብን ደግሞ ለብቻ አውጥቶ ሌላ ጂፒኤ ይሠራል። ወድቀህ የደገምከው ኮርስ አዲሱም አሮጌውም ይቆጠራል። ሃይስኩል እያለህ ኮሌጅ ሄደህ የወሰድከው እንኳን ይቆጠራል። እዚህ ላይ ደነገጥኩ። ልጄ አስራ አንደኛ ክፍል ሆና ኮሚኒቲ ኮሌጅ በወሰደችው ኮርስ አንድ ቢ አላት። እሷ ቢ ከልጄ ጋር እስከ መጨረሻው ትሄዳለች።

ቁጥሩም ቀልድ አይደለም። በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ለኤምዲ፣ ለተለመደው የሐኪም ዲግሪ፣ ያመለክታል፣ የሚገባው ወደ 23 ሺህ ነው። ከሁለት አንዱ እንኳን አይደርስም ማለት ነው። የሚገቡት አማካይ ጂፒኤ 3.8 አካባቢ፣ ኤምካት የሚሉት የመግቢያ ፈተና ደግሞ ከ528 ወደ 512 ገደማ ነው። ዲኦ የሚባለው ሌላው የሐኪም መንገድም አለ፣ ብዙ አበሻ ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል እንጂ ፈቃዱም ሥራውም አንድ ነው። እኛ ሆስፒታል በሌሊት ቶሎ ከሚመጡት ሁለቱ ዲኦ ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። ልጅህ ሃይስኩሏ ውስጥ አንደኛ ናት። ከየአገሩ አንደኛ የወጡ ልጆች ብቻ የተሰበሰቡበት ግቢ ትገባለች። ጄኔራል ኬሚስትሪ ክፍል ሦስት መቶ ልጅ አለ። አንዳንዱ ቦታ ውጤት የሚሰጠው በኩርቭ ነው፣ ማለትም ኤ የሚደርሳቸው ጥቂቶች ናቸው፣ ሌላው ምንም ጎበዝ ቢሆን መሀል ላይ ይወድቃል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲ ፕላስ ታመጣለች። በዚያች ሲ ፕላስ ምክንያት "እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም" ብሎ የተወ ስንት ልጅ አለ! ከጓደኞቼ ልጆች ብቻ ሦስት አውቃለሁ። ሦስቱም ሌላ ግቢ ቢሆኑ ዛሬ ነጭ ጋዋን ይለብሱ ነበር ብዬ አምናለሁ። ማረጋገጥ አልችልም፣ ግን አምናለሁ።

የስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ስም ምንም አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ይጠቅማል። አስገቢዎቹ ያውቁታል፣ የምርምር ገንዘቡም ብዙ ነው። ግን 3.2ን 3.8 አያደርግም።

አሁን ወደ አንድ የጉብኝት ቀን ልውሰዳችሁ። ስሙን አልጠራም። የሚያምር ግቢ ነው፣ ሣሩ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። ወላጆችን አዳራሽ አስቀመጡንና አንዲት ሴትዮ ስላይድ አሳየችን። "ለህክምና ትምህርት ቤት ካመለከቱት ተማሪዎቻችን ከ90 በመቶ በላይ ተቀባይነት አግኝተዋል።" አዳራሹ አጉረመረመ። ከጎኔ ያለው ሕንዳዊ አባት በስልኩ ፎቶ አነሳው። የኔም ልብ ቅቤ ጠጣ። እጄ ግን ራሱን አነሳ፣ ምክንያቱም የሌሊቱ ልጅ አስጠንቅቆኝ ነበር። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ "ፕሪ-ሜድ ነኝ ብለው ከገቡት ውስጥ እስከ ማመልከት የደረሱት ስንት ናቸው?" አልኩ። ሴትዮዋ ፈገግ አለች። "ያ ቁጥር እዚህ የለኝም" አለች። "ደግሞስ ጂፒኤው ዝቅ ላለ ልጅ የኮሚቴ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ ወይ?" አልኩ። "በየተማሪው ሁኔታ ይታያል" አለችና ወደ ሌላ ጥያቄ ዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ኮሌጆች ለህክምና የሚያመለክት ተማሪያቸውን በኮሚቴ ገምግመው አንድ የጋራ ደብዳቤ ይጽፉለታል። ጥሩ ነገር ነው። አንዳንዶቹ ግን ውጤቱ ዝቅ ላለው ደብዳቤውን ይነፍጉታል፣ ወይም "ዘንድሮ ይቅርብህ" ይሉታል። ያ ልጅ አያመለክትም፣ ስለዚህ ከቁጥሩ ውስጥ የለም። እህሉን አበጥሮ፣ ገለባውን በነፋስ ሰድዶ "የኔ ማሳ ገለባ አያበቅልም" የሚል ገበሬ በሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ መቶኛ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው "ከስንቱ?" ነው። አማካሪው ለስንት ተማሪ እንደሆነ፣ ልጁ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲንገዳገድ ማን እንደሚያናግረው፣ የኬሚስትሪ ማጠናከሪያ ማታ ማታ ይኑር አይኑር፣ ይሄን ነው የምጠይቀው። በጉብኝት ቀን ይሄን የሚመልሱት ስላይድ የሚያሳዩት አይደሉም፣ ካፌው ውስጥ ተቀምጠው የሚያጠኑት ልጆች ናቸው። ልጄ አፍሯት ከኋላዬ ቆማ እኔ ስንቱን አስቸገርኩ።

ስም ከተነሳ፣ እኛ አበሾች የምንዘላቸው ስሞች አሉ። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ዛቪየር የሚባል ትንሽ የካቶሊክ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በ1925 የተመሠረተ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ብዙ ጥቁር ሐኪሞችን አስተምሮ ወደ ህክምና ትምህርት ቤት በመላክ ለረጅም ዓመታት ከአገሩ ፊት ሲመራ የኖረው እሱ ነው። ሃርቫርድ አይደለም። ልጆቹ እርስ በርስ እንዲጠላለፉ ሳይሆን ተያይዘው እንዲያልፉ አድርጎ ነው የሚያስተምረው ይላሉ ያለፉበት። ልጄ አላመለከተችም። ሉዊዚያና ይርቃል አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ስሙን ግብዣ ላይ ስጠራው ታየኝና ነው። ይቆጨኛል። የራሳችንን ታሪክ ባውቅ ኖሮ እንደዚያ አልልም ነበር። ዶክተር መላኩ በያን ከንጉሡ ዘንድ ተልኮ አሜሪካ የመጣው በ1920ዎቹ ነው። የተማረው ኦሃዮ ውስጥ መስኪንገም በምትባል ትንሽ ኮሌጅ ነው። ከዚያ ነው ዋሽንግተን መጥቶ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ህክምና የተመረቀው። እዚያው ከቤቴ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ።

እንግዲህ ብሩ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ትዳሬን የፈተነው ይሄ ነው።

በ2024 ጸደይ ማመልከቻ የጨረሰ ልጅ ያለው ሁሉ ያስታውሳል። አዲሱ የፋፍሳ ቅጽ፣ የመንግሥት የትምህርት እርዳታ የሚጠየቅበት፣ ዘግይቶ ተከፈተ፣ ከተከፈተም በኋላ ሲበላሽ ከረመ፣ የእርዳታ ደብዳቤዎቹ ዘገዩ። ኮሌጆች ሜይ 1 የነበረውን የመወሰኛ ቀን እየገፉ ሄዱ። እኛ ጋ ደብዳቤዎቹ ተሰብስበው ሲያልቁ አንድ እሁድ ከሰዓት መሶቡን ወደ ሶፋው ገፋ አድርገን ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደርናቸው። ልጄ ሦስት ማድመቂያ እስክሪብቶ አመጣች። አረንጓዴ የማይመለስ ብር። ቢጫ ሠርታ የምታገኘው። ሮዝ ብድር።

ስሙ የሚያስጮኸው ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ከላይ "እንኳን ደስ አለሽ! የእርዳታ ጥቅልሽ" ይላል። ጠቅላላ ወጪው በዓመት 92 ሺህ ዶላር። ከሥሩ የተደረደሩት ቁጥሮች ሁሉንም ይሸፍናሉ፣ የሚከፈል ዜሮ ይመስላል። ልጄ መቀባት ጀመረች። አረንጓዴው 44 ሺህ ላይ አለቀ። ቢጫው ትንሽ ነው። የቀረው ሮዝ ሆነ። ተማሪዋ በስሟ የምትበደረው 5,500፣ የተረፈው ሁሉ በወላጅ ብድር። "እርዳታ" ብለው ደርድረውታል እንጂ ቢጫውም ሮዙም ተደምሮ ሦስታችን በዓመት 48 ሺህ የምንሸከምበት ነው። አንድ ነርስና አንድ ኡበር ነጂ። ለድሃ እርዳታ ሀብታም ነን፣ ለሀብታም ክፍያ ድሃ ነን። ብዙዎቻችሁ እዚያው መሀል ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ሌላው ወረቀት የዩኤምቢሲ ነው፣ ባልቲሞር አጠገብ ካተንስቪል ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ። የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ 13 ሺህ ገደማ፣ ዶርምና ምግብ ሲጨመር 30 ሺህ አካባቢ። ከሰጧት ስኮላርሺፕ በኋላ 22 ሺህ ቀረ። ባለቤቴ በስልኩ ካልኩሌተር ደመረ። የሁለቱ ልዩነት በዓመት 26 ሺህ፣ በአራት ዓመት 104 ሺህ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠና "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" አለ።

እኔ ተቆጣሁ። ለልጁ የማይሳሳ መሰለኝ። "ሐኪም ስትሆን ትከፍለዋለች" አልኩት። እሱም "ሐኪም ለመሆን ሌላ ብድር የለም ወይ?" አለ። አለ። ህክምና ተምረው በዕዳ የሚመረቁት መሀከለኛ ዕዳቸው 200 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። የኛን ጭቅጭቅ የዘጋው ግን ከዓመት በኋላ የመጣ ሕግ ነው። ጁላይ 2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከ2026 ክረምት ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ቀርቷል። የህክምና ተማሪ ከመንግሥት የሚበደረው በዓመት ቢበዛ 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ነው። የጎደለውን ከግል ባንክ ነው፣ ያውም ፈራሚ ጠርቶ። ያኔ በአንደርግራድ የወላጅ ብድር የተያዘ ቤተሰብ ማን ፈራሚ ይሆናል?

በሌላ በኩል ያልጠበቅኩት በር ተከፍቷል። በ2024 ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ከባለጸጋው ማይክል ብሉምበርግ አንድ ቢሊዮን ዶላር ተሰጠውና፣ ቤተሰባቸው በዓመት ከ300 ሺህ በታች የሚያገኝ የህክምና ተማሪዎች ከትምህርት ክፍያ ነጻ ሆኑ። ኒው ዮርክ ብሮንክስ ያለው አይንስታይን የሚባለው የህክምና ትምህርት ቤትም በዚያው ዓመት ነጻ አደረገ። መግባቱ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ነጻው ገንዘብ ያለው ከአራት ዓመት በኋላ በሚመጣው በር ላይ ከሆነ፣ የመጀመሪያው በር ላይ ቤት አስይዞ መጨረስ ምን ይባላል?

ባለቤቴ ስለ ዩኤምቢሲ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በ2018 በኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ውድድር አንደኛ የተባለውን ቨርጂኒያን 74 ለ 54 መቱ። አስራ ስድስተኛ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ቡድን አንደኛውን ሲያሸንፍ በወንዶቹ ውድድር የመጀመሪያው ነበር። ለሱ ያ በቂ ምክንያት ነው። እኔ ደግሞ ሌላውን አነበብኩ። ዩኒቨርሲቲውን ከ1992 እስከ 2022 የመሩት ፍሪማን ራቦውስኪ በ12 ዓመታቸው አላባማ በርሚንግሃም ላይ ለጥቁሮች መብት ሰልፍ ወጥተው የታሰሩ ናቸው። በ1988 ሜየርሆፍ የሚባለውን የሳይንስ ስኮላርሺፕ አስጀመሩ። ባችለር ተምረው ኋላ ሌላ ቦታ ኤምዲውንና ፒኤችዲውን አንድ ላይ የሚጨርሱ ጥቁር ተማሪዎችን በማፍራት በአገሩ አንደኛ የሚባለው ይህ ግቢ ነው። ልጄ ሜየርሆፍ አልደረሳትም። ግን ጥቁር ልጅ ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ ብርቅ የማትሆንበት ግቢ ነው። ስንጎበኝ አማርኛ በሁለት ቦታ ሰማሁ፣ አንዱ ላይብረሪ ውስጥ ነው።

ቅርበቱም አለ። ቤተዝዳ ያለው ኤንአይኤች፣ የመንግሥቱ የህክምና ምርምር ተቋም፣ ለብዙ ዓመታት በየክረምቱ ተማሪ ሲቀበል የኖረ ነው። ባልቲሞር ሆስፒታል በሆስፒታል ነው። ህክምና ትምህርት ቤቶች "ሐኪም ሲሠራ አይተሻል? በሽተኛ አጠገብ ቆመሻል?" ብለው ይጠይቃሉ፣ ይሄ ደግሞ ከሣሩ ማማር ጋር አይገናኝም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የህክምና ትምህርት ቤትም ከ1807 ጀምሮ እዚያው ባልቲሞር አለ፣ የስቴቱን ልጆች ያስቀድማል። በነገራችን ላይ ግሪን ካርድ ያልጨረሰ ልጅ ያላችሁ ይሄን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አብዛኞቹ ህክምና ትምህርት ቤቶች ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይፈልጋሉ፣ ከኮሌጅ በኋላ መስማት ያስለቅሳል።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ግን ባለቤቴ የጠየቀው ሌላ ነገር ነበር። ልጃችን ሻወር ገብታ እያለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ህክምናውን ብትተወውስ? ሌላ ነገር ብትወድስ? ይሄ ኮሌጅ ያኔ ይበቃታል ወይ?" አለ።

"ለምን ትተዋለች?" አልኩት። "ምን አሟርተህ ነው!"

ማሟረት አይደለም። ፕሪ-ሜድ ብለው ከሚጀምሩት ብዙዎቹ ለህክምና ሳያመለክቱ ነው የሚመረቁት። ይሄን ከአንድም ሦስት አማካሪ ሰምቻለሁ። ሆኖም ያን ምሽት አላናገርኩትም።

የዩኤምቢሲን ዲፖዚት፣ ቦታ መያዣውን፣ የከፈለችው ራሷ ናት፣ ስልኳ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ጋዝ ስቀዳ። ተመልሼ ስገባ "እማ፣ ጨረስኩ" አለችኝ። ግብዣ ላይ ስሙን ስጠራ "አሃ" ተባልኩ። "የት ነው እሱ?" "ካተንስቪል።" "እሺ፣ ጥሩ ነው።" ክትፎው ቀረበ።

አሁን ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ናት። የመጀመሪያው ፈተና 61 መጣ፣ ሌሊት ደውላ ስታለቅስ መድኃኒት ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ ነው ያዋራኋት። የክፍሉ አማካይ 58 ነበር፣ ይሄን ከሃያ ደቂቃ ለቅሶ በኋላ ነው የነገረችኝ። መምህሩ ቢሮ ሄደች፣ ማጠናከሪያው ማታ ማታ አለ፣ ሁለተኛው 79 ሆነ።

ባለፈው እሁድ መጣች። ቡና አፈላሁ። አቦሉን ጠጥተን እጣኑ እየጨሰ፣ ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ "እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪ" አለች። ስታቲስቲክስ ወድጃለሁ አለች። ክሊኒካል ትራያል፣ ሰው ላይ የሚደረግ የህክምና ሙከራ፣ የሚመረምር ፕሮፌሰር ጋ እየሠራች ነው። "ዶክተር መሆኑን ጠልቼው አይደለም፣ ግን... ብተወውስ?"

ባለቤቴ አላየኝም። ፈንዲሻው ውስጥ የሆነ ነገር የጠፋው ይመስል አቀርቅሮ ይፈልጋል።

ጀበናውን አነሳሁ። ቶናውን ለሷ፣ ለሱ፣ ለኔ ቀዳሁ። እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጦ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ።

"ኦርጋኒኩን ግን ትጨርሺዋለሽ" አልኳት።